«ያገለገለ ነዳጅ» እና የገንዳው ገመድ

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ በኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለሚሠሩ የጥገና ሠራተኞች የደህንነት መመሪያ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ከማብላያው (ነዳጁ ኃይል ከሚያመነጭበት ሪአክተር) የወጣውን ነዳጅ «ያገለገለ ነዳጅ» አልኩት። ነዳጁ የሚቀመጥበት የውኃ ገንዳ አጠገብ ለሚለጠፈው «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» ብዬ ጻፍኩ። ደግሞስ «ጨረር» ልበል «ጨረራ»?

መልስ፦ ከቀላሉ ልጀምር። «ጨረር» የፀሐይም የባትሪም ነው፤ ማንም አይፈራውም። አገር ቤት የዚህ ሥራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት «ጨረራ መከላከያ» ይባል ነበር። «ጨረራ» ይበሉ።

«ያገለገለ» ግን ያሳስበኛል። ያገለገለ መኪና ሲባል ምን ይታይዎታል? ትንሽ ያረጀ፣ ዋጋው የቀነሰ፣ ገና የሚነዳ። ያገለገለ ፍሪጅም እንደዚያው፣ ጉልበቱ ደከም ያለ ነገር ነው። እዚህ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። አዲሱን የዩራኒየም ነዳጅ ሠራተኛ ጓንት አጥልቆ አጠገቡ ይቆማል። ገዳይ የሚሆነው ማብላያ ውስጥ ከርሞ ሲወጣ ነው። ለዚህም ነው 7 ሜትር ገደማ ውኃ ከላዩ የሚሆንበት። ቃሉ ስለተለመደ ጣሉት አልልም። መጀመሪያ የሚጠቀስበት ቦታ ላይ ግን «ከአዲሱ እጅግ የበዛ ጨረራ የሚያወጣ» ብለው ያክሉበት።

ዋናው ጣጣ ማስታወቂያው ነው። «መግባት ክልክል ነው» የሚባለው ውጭ ላለ ሰው ነው። የእርስዎ አንባቢ ሥራው ነውና ገብቷል! ገንዳው ዳር ቆሞ ቁልቁል ቢያይ ውኃው ከጨረራው ይከልለዋል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ማብላያ ውስጥ ቆይተው ራሳቸው ጨረራ የሚያወጡ ብረታ ብረቶች አንዳንዴ በገመድ ታስረው ውኃው ውስጥ ይንጠለጠላሉ፣ የገመዱ ጫፍ ገንዳው ዳር ይታሰራል። አንዱ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ሳብ ካደረገውና ብረቱ ከውኃው ከወጣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2010 ስዊዘርላንድ፣ ላይብሽታት ማመንጫ፣ አንድ ጠላቂ ከነዳጅ ማስተላለፊያ ገንዳ ወለል ላይ ቱቦ አንስቶ ቅርጫት ውስጥ ከተተ። ቅርጫቱ ወደ ላይ ሲወጣ የጨረራ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ቱቦው ወዲያው ተመለሰ፤ እጁ ላይ ያረፈው ጨረራ ግን ለሠራተኛ ከተፈቀደው የዓመት ገደብ አልፎ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ይጻፉት፦ «የጨረራ ጥበቃ ባለሙያ ሳይፈቅድ ገመድ መሳብም ሆነ ማንኛውንም ዕቃ ከውኃው ማውጣት ክልክል ነው።» «መጎተት» እንዳይሉ። መጎተት ጉልበት ያለበት ነው፤ ቀላል ዕቃ የታሰረበት ገመድ ግን በአንድ እጅም ይመጣል።