ብርሃን የሚሸሸው ማሽን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ብርሃን እየተከተለ የሚሄድ ትንሽ ባለ መንኮራኩር ማሽን ሠርቼ ለዐውደ ርእይ አቀረብኩ። በመክፈቻው ዕለት ግን ከመብራቱ እየሸሸ ጨለማ ጥግ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ኋላ ስፈትሸው የግራና የቀኝ ሞተሮቹን ሽቦ አቀያይሬ ኖሯል። ተመልካቹ ግን «ዓይን አፋር ነው» ብሎ ወደደው። ላስተካክለው ወይስ እንዳለ ልተወው? ሥራውስ የእኔ ነው ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ! የእኔዎቹ ሲበላሹ ዝም ብለው ይቆማሉ እንጂ አንድም ወዳጅ አፍርተው አያውቁም።

የሆነው ቀላል ነው። የግራው ሴንሰር (ብርሃን የሚለየው «ዓይን») ብርሃን ሲያገኝ የቀኙ ሞተር ቢፈጥን ኖሮ ማሽኑ ወደ ብርሃኑ ይዞር ነበር። የፈጠነው የግራው ስለሆነ ፊቱን አዞረ፤ ጨለማ ሲደርስ ደግሞ ሞተሮቹን የሚያነቃ ብርሃን አጥቶ ቆመ። እፍረቱን ከቤታቸው ይዘው የመጡት ተመልካቾቹ ናቸው። አንቺም ባዶ እጅሽን አልመጣሽም፤ «ብልሽት» የሚለውን ስም ይዘሻል።

በ1970 እ.ኤ.አ. ቀራፂው ኤድዋርድ ኢህናቶቪች በኔዘርላንድስ፣ አይንድሆቨን ከተማ «ሴንስተር» የተባለ፣ ከ4 ሜትር በላይ የሚረዝም የብረት ፍጡር ለሕዝብ አሳየ። ራሱ ላይ ማይክሮፎንና ራዳር ነበረው፤ ለስለስ ያለ ድምፅ ሲሰማ ይቀርባል፣ ጩኸትና ድንገተኛ እንቅስቃሴ ሲያጋጥመው ያፈገፍጋል። ገና ሲሞከር ሠሪው ሳያስበው ጉሮሮውን ቢጠራርግ፣ ያ ግዙፍ ራስ «ምን ሆንክ?» የሚል ይመስል ፊቱ ድረስ መጣ። የሠሪው ሆድ ተገለባበጠ! ፍጡሩን የሠራው እኮ እሱ ራሱ ነበር። ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የልጆቹ ነገር ነው፦ ለሙከራ እንዲያው በዘፈቀደ ሲያንቀሳቅሰው ያዩት ልጆች ፈሩት፤ ለድምፅና ለእንቅስቃሴ መልስ ሲሰጥ ግን የፈራው አልነበረም። ብረቱ ያው ብረት ነው።

ስለዚህ ገና አትንኪው። ሌላ አንድ ሥሪና ሽቦውን መጀመሪያ እንዳሰብሽው አገናኝተሽ ከጎኑ አስቀምጪው። ሁለቱንም ከማብራትሽ በፊት ምን እንደምትጠብቂ በወረቀት ጻፊ፤ ጎብኚዎችንም አስጽፊ። ብርሃን የሚከተለውን «ወዳጅ» ይሉት ይሆን ወይስ «ጠበኛ»? ያንን ወረቀት ባነበው ደስ ይለኛል።

የሥራው ባለቤት አንቺ ነሽ፤ ሽቦውን ያቀያየረው የአንቺ እጅ ነው። «ዓይን አፋር» የሚለውን ግን በመግለጫው ላይ አትለጥፊ፤ እነሱ ራሳቸው ይበሉት። ባትሪውንም በደንብ ሙዪ፤ ኃይል አንሶት ሲያዘግም «ዛሬ ከፍቶታል» ማለታቸው አይቀርም።