ቦርዱ ለምን ይንቀጠቀጣል፣ የሮለሩ ጎማስ ለምን ቶሎ አለቀ?

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ይህን ነው፦ 52 ሚሊሜትር፣ 101ኤ ጎማ ያለው ስኬትቦርድህ አስፋልት ላይ እግርህን ያንቀጠቅጥሃል፤ የእህትህ ሮለር ጎማ ደግሞ፣ 80 ሚሊሜትር 76ኤ የሆነው፣ ቶሎ አለቀ፤ ኩሽኔታ ይቀየር ወይ? ኩሽኔታውን ተወው። የሁለታችሁም ችግር ጎማው ነው፦ ያንተ ለመንገዱ በጣም ደርቋል፣ የእሷ በጣም ለስልሷል።

በሚሊሜትር የተጻፈው የጎማው ዲያሜትር ነው። ኤ ያለበት ጥንካሬው ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጎማው ይደርቃል። 78ኤን በአውራ ጣትህ ጥፍር ብትጫነው ትንሽ ገባ ብሎ ይመለሳል፤ 101ኤ ንቅንቅ አይልም። ስትገዛ አንድ ነገር ልብ በል፦ አንዳንዱ ላይ በኤ ፈንታ ቢ ተጽፏል። 84ቢ በኤ ሲለካ ወደ 104 ይጠጋል፣ ድንጋይ ማለት ነው። ቁጥሩን ብቻ አይቶ ለስላሳ መስሎት የሚገዛ አለ።

ጠጠር ሲገጥምህ የሚሆነውን አስበው። ጎማው ትንሽ ሲሆን ያች ጠጠር እንደ ደረጃ ፊቱ ትቆማለች፤ ትልቅ ሲሆን ወጥቶባት ያልፋል። ለስላሳ ጎማ ጠጠሯን ውጦ ይሄዳል። ደረቁ አይውጣትም፤ ቦርዱ ቀጥ ይላል፣ አንተ ወደ ፊት ትበራለህ። ንዝረቱም ፍጥነት ይበላል፤ ስለዚህ ሻካራ አስፋልት ላይ ለስላሳው ከደረቁ የበለጠ ይሮጣል። ሊሾ ወይም ልሙጥ ኮንክሪት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ለስላሳው ጎማ ከክብደትህ በታች እየተጨፈለቀ ጉልበትህን ይጨርሳል፣ ደረቁ ይፈሳል።

ለመንገድ 58 ወይም 60 ሚሊሜትር፣ 78ኤ ግዛ። ኮብልስቶን ላይ ግን እሱም ቢሆን ያንገጫግጫል፤ ቦርዱን ይዘህ ብትራመድ ይሻልሃል። ጎማው ሲተልቅ በትራኩ (ጎማዎቹን ከእንጨቱ ጋር በሚያያይዘው ብረት) እና በእንጨቱ መሃል 3 ሚሊሜትር የሚሆን የፕላስቲክ ማስነሻ ያስፈልጋል። ገጥመህ ስትጨርስ ቦርዱ ላይ ቆመህ ወደ አንድ ጎን ሙሉ በሙሉ አዘንብል። ጎማው እንጨቱን ከነካ ጉዞ ላይ ድንገት ይይዝና ይጥልሃል፤ ማስነሻውን ጨምር ወይም ትራኩን ጠበቅ አድርግ። ሌላው፣ ለስላሳ ጎማ በጎን አይንሸራተትም። በ101ኤ እንደለመድከው ቦርዱን አዙሬ ላቁም ብትል መሬቱን ይዞ ይቀራል፤ እግርህን አውርደህ ማቆምን ተለማመድ።

የድሮውን 101ኤ እንዳትጥለው። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተውን «አዲስ ስኬት ፓርክ» በመሰለ ኮንክሪት ላይ የሚያስፈልግህ እሱ ነው። ለሁለቱም ይሆናል ተብሎ የሚሸጠውን መካከለኛ ጥንካሬ አልመክርህም፤ መንገዱ ላይ ያንቀጠቅጣል፣ ፓርኩ ላይ ይጎተታል። ሁለት ሙሉ የጎማ ስብስብ ይኑርህ። ቅያሪው አሥር ደቂቃ አይፈጅም፦ ዳዶውን በ13 ቁልፍ ፍታ፣ በጎማው በሁለቱም በኩል ያሉትን ራንዴላዎች አትጣል፣ ስትመልስ ጎማው ሳይታሰር እስኪዞር ድረስ ዳዶውን ትንሽ መልሰው። ብዙ ሰው አጥብቆ ያስርና ኩሽኔታው ተበላሸ ይላል።

የእህትህ 76ኤ ለአዳራሽ ወለል የሚሆን ነው። ልሙጥ ወለል ላይ እንዳያንሸራትት ታስቦ የተሠራ ስለሆነ አስፋልት እንደ ሞረድ ይበላዋል። 84ኤ ወይም 85ኤ ግዙላት፣ መጠኑ ግን 80 ሚሊሜትሩ ይሁን፤ ፍሬሙ (ጎማዎቹ በተርታ የሚታሰሩበት ከጫማው ሥር ያለው አካል) ለእሱ ከተሠራ ከዚያ የሚተልቅ ጎማ እርስ በርሱ ወይም ከጫማው ሥር ይታከካል። ስትገፋ የምትጫነው የውስጡን ጠርዝ ስለሆነ ጎማው በዚያ በኩል ተቆርጦ ያልቃል። ጠርዙ ሲያጋድል ስታዩ በብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ) ፍቱትና አንደኛውን ከሦስተኛው፣ ሁለተኛውን ከአራተኛው ጋር አቀያይሩ፤ ሲመለስ ደግሞ የተበላው ጠርዝ ወደ ውጭ ይዙር።