ራጁ ሰላም ነው፤ እናትየዋስ?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከድንገተኛ ክፍል ደጃፍ የተላኩ ይመስላሉ። የማይቆየውን ላስቀድም።

ከቡሬ አካባቢ የጻፉልኝ አባት ልጃቸው ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰብሯል፤ ወጌሻ በቀርከሃ አስሮለታል። ጣቶቹ አብጠዋል፤ ልጁ ሲያለቅስ ያድራል። «እስከ ቅዳሜ ገበያ ብንታገሥ ምን ይመስልዎታል?»

መታገሥ የለም! ለእርስዎ በስልክ ነግሬዎታለሁ፤ እዚህ የምደግመው ለሌሎች ስል ነው። የታሰረ እጅ ጣቶቹ ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ልጁ ሲነካ «አይሰማኝም» ካለ፣ ጣቱን ቀና ሲያደርጉለት ከጮኸ፣ ማሰሪያው በዚያው ቅጽበት ይፈታል። ከዚያ ቀጥታ ሆስፒታል። ደም ያጣ ጡንቻ መሞት የሚጀምረው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ገበያ እስኪቆም አይጠብቅም። ወጌሻን ለማጣጣል አይደለም፤ ስብራትን አጥብቆ ማሰር ግን እጅ ያስቆርጣል።

የፍኖተ ሰላሟ አንባቢ እህት አሜሪካ ውስጥ በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሕመምተኛ እንደ መልበስና መታጠብ ያለውን የዕለት ተግባር ራሱ እንዲሠራ የሚያግዝ ሙያ) ረዳት ናት። ስትደውል «ዛሬ አንዲት አሮጊት ካልሲ ሲያጠልቁ ረዳሁ» ብላ ነገረቻቸው። ቤተሰቡ እስካሁን ይስቃል፦ «ውቅያኖስ የተሻገረችው ለካልሲ ነው?»

አዎ፣ ለካልሲ ነው። አሮጊቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ። ሳይወድቁ ማጎንበስ ይችላሉ? ሁለቱም እጅ ይታዘዛል? አንዱን እግር አጥልቀው ሌላውን ይረሳሉ? በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሚዛናቸው፣ ጉልበታቸውና ልቡናቸው ይታያል። እዚያ አገር ብዙ አረጋውያን ብቻቸውን ስለሚኖሩ፣ ካልሲ ማጥለቅ ያቃተው ሰው ዛሬ ማታ ወደ ባዶ ቤት ይሂድ ወይስ ሆስፒታል ይተኛ የሚለው ውሳኔ ከባድ ነው፤ ሐኪሙም ሲወስን የእነ እህትሽን ቃል ይሰማል። ሕመምተኛውን መጀመሪያ የሚመረምረውና ዕቅድ የሚያወጣው ዋናው ቴራፒስት ነው። እህትሽ በዕቅዱ መሠረት ታለባብሳለች፣ ከአልጋ ወደ መጸዳጃ መሸጋገርን ታለማምዳለች፣ አስታማሚውን ታሠለጥናለች፤ የተለወጠ ነገር ስታይ ትናገራለች። ብቻዋን አትወስንም። ይህንንም ለቤተሰቡ ንገሪያቸው፤ ሳቁን ግን አላስቀርልሽም።

የዳንግላው የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ይህ ሙያ ስንት ዓመት እንደሚፈጅና «እዚህ ተምሬ እዚያ መቀጠር» ይቻል እንደሆነ ጠይቀሃል። አሜሪካ ውስጥ ረዳት ለመሆን ሁለት ዓመት ገደማ ኮሌጅ ይማራሉ። በዚያ ውስጥ ቢያንስ የ16 ሳምንት የሥራ ላይ ልምምድ አለ፤ ከዚያ ብሔራዊ ፈተናና የግዛቱ ፈቃድ ይከተላሉ። ዋና ቴራፒስት ለመሆን ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ይጠይቃሉ። እኛ ዘንድ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሙያውን በዲግሪ ያስተምራል። በማውቃቸው የጎጃም ሆስፒታሎች የረዳት የሥራ መደብ አላየሁም፤ ስለዚህ ብትማር ሙሉ ባለሙያ ሆነህ ተማር። ስለ ቪዛው የጻፍካቸውን ሁለት ገጾች ለኤምባሲው ላክ።

ከደጀን፦ «በዚህ ሥራ ነጭ ጋዋን ግዴታ ነው?» ሆስፒታሉ የሰጠዎትን ይልበሱ። እጅጌው አጭር ይሁን።

ከቢቸና ገጠር የመጣውን ረጅም ደብዳቤ አሳጥሬዋለሁ። የጸሐፊው እናት ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው። ሌሊት ለሽንት ሲወጡ ደጃፍ ላይ ወደቁ። ሆስፒታል ተወስደው ራጅ ተነሡ፤ «አጥንታቸው ሰላም ነው» ተብሎ ማስታገሻ ይዘው ተመለሱ። በሳምንቱ እዚያው ደጃፍ ላይ ደገማቸው። «ራጁን ማን ነው ያሳሳተው?» ይላል ልጅየው፣ ተቆጥቶ።

ራጁን ማንም አላሳሳተውም። አጥንት ተጠየቀ፣ አጥንት መለሰ። እናትህ ለምን እንደወደቁ ግን የጠየቀ የለም። ድንገተኛ ክፍል ወረፋው ረጅም ነው፤ አልጋው ይፈለጋል፤ አስታማሚውም የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጠው ይቸኩላል። በዚህ መሐል ሴትዮዋ የሚመለሱበት ቤት ይረሳል። የፍኖተ ሰላሟ እህት የምትከፈለው ይህን እንዳትረሳ ነው። እኛ ዘንድ ይህ ሥራ በልጅ ጫንቃ ላይ ወድቋልና እንሥራው።

እናትህን ጠንካራ ወንበር ላይ አስቀምጥ። ከወንበሩ ሦስት ሜትር ርቀህ መሬቱን አስምር። ይነሡ፣ በተለመደ አካሄዳቸው እስከ መስመሩ ይሂዱ፣ ዞረው ተመልሰው ይቀመጡ። አንተ ከጎናቸው ሁን፤ በስልክህ ሰዓት ያዝ። 12 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ከፈጀባቸው ለመውደቅ የተጋለጡ ናቸው። ሰዓቱን ብቻ አትይ፦ ሲነሡ በእጃቸው ይገፋሉ? ሲዞሩ ግድግዳ ይፈልጋሉ?

ከዚያ መንገዱን ራስህ ሂድበት። ሌሊት፣ ባትሪ ሳትይዝ፣ ከመደቡ እስከ መጸዳጃው። የበሩ ደፍ ስንት ጣት ከፍ ይላል? የጥጃው ገመድ በየት በኩል ተዘርግቷል? ጫማቸው ሶሉ ያለቀ ኮንጎ ነው? ቀሚሳቸው መሬት ይጠርጋል? ደፉን ኖራ ቀባው፣ በጨለማ እንዲታይ። መደቡ ዝቅ ካለ ፍራሽ ደርብበት፤ ተቀምጠው እግራቸው መሬት ሲረግጥ ጉልበታቸው ከዳሌያቸው ከፍ ማለት የለበትም። ከበሩ እስከ መጸዳጃው የባሕር ዛፍ መደገፊያ አጋድም፤ መጸዳጃው ውስጥ ቁጢጥ ሲሉና ሲነሡ የሚይዙት ምሰሶ በደንብ ቅበር። ለሌሊቱ ግን ከሁሉ የሚሻለው ፖፖ ነው። እናትህ እንደሚያፍሩ አውቃለሁ። ለአንተ ስለሚያፍሩ ለልጅ ልጃቸው ስጣት፤ እሷ ታግባባቸዋለች።

ያልጻፍከው ነገር መድኃኒታቸውን ነው። የደም ግፊት ኪኒን ይወስዳሉ? የሚያሸናስ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ የሚጾሙ እናት በላዩ ኪኒን ሲጨመር ብድግ ባሉ ቁጥር ዓይናቸው ቢጨልም አይገርምም። ግፊታቸው ተኝተው፣ ቀጥሎም ቆመው መለካት አለበት። «ሐኪም ያማክሩ» የምንለው ብዙ ጊዜ ለወግ ነው፤ ይህ ግን ለወግ አይደለም። ሁለት ጊዜ ወድቀዋልና የሚውጡትን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ይዘህ በዚህ ሳምንት ውሰዳቸው። ራስህ እንዳታቋርጥባቸው። ዓይናቸውም ይታይ፤ ሞራውም ትራኮማውም በአገራችን ሞልቷል። የጾሙን ነገር ለንስሐ አባታቸው ንገር፤ ከአንተ ይልቅ እርሳቸውን ይሰማሉ። እስከዚያው ከመነሣታቸው በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ተቀምጠው ይቆዩ። ደግሞ ወድቀው ራሳቸውን ከተመቱና ካስመለሳቸው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው ወይም ነገር ከተምታታባቸው፣ ሳይነጋ መኪና ፈልግ።

የደብረ ማርቆሷ የድንገተኛ ክፍል ነርስ፣ ሕመምተኛ ከመሸኘቱ በፊት አካሄዱን ልይ ስትዪ አለቃሽ «ይህ የፊዚዮቴራፒ ሥራ ነው» ይልሻል። ለይቶ ማወቁ መልካም ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ ሲመጣ ደስ ይበለን፤ እስኪመጣ ሕመምተኛው ካርዱን ይዞ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ማታ አብሮ የሚያድር ማን አለ? መጸዳጃ በምን ይደርሳል? ከዚያ አስነሥተሽ ጥቂት እርምጃ አራምጂው፤ ያየሽውንም ካርዱ ላይ ጻፊ። አከርካሪው ወይም ዳሌው የሚያጠራጥረውን ግን ሐኪሙ ሳይፈቅድ እንዳታስነሺ። ስትሮክ የመታውን ሰው የደከመ እጁን ይዞ መጎተት ትከሻውን ያወልቃል፤ አስታማሚዎቹን ተቆጫቸው። ሲለብስ የደከመው እጅ ይቀድማል፤ ሲያወልቅ ደግሞ ደህናው። የመዋጥ አቅሙ ሳይታይ ውኃም አይቀመስ። ሰው ሠራሽ እግር ለሚያስፈልገው ባሕር ዳር የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ፤ መንገዱን ጠቁሚ።

ከሞጣ አንድ አዛውንት ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ከዘራውን በየትኛው እጅ እንደሚይዙ ከሚስታቸው ጋር ተከራክረዋል። እሳቸው በሚያመው በኩል ይላሉ፣ ሚስታቸው በደህናው።

ባለቤትዎ ልክ ናቸው። ከዘራው በደህናው በኩል ተይዞ ከሚያመው እግር ጋር እኩል ይራመዳል። ቁመቱ ክንድዎን ዘና አድርገው ሲቆሙ እስከ እጅ አንጓዎ ይድረስ፤ ጫፉ ላይ ላስቲክ ያስገቡበት። ጉልበቱ ካልተሻለዎት ይታዩ።