ዕድር መደበኛ ነው ኢመደበኛ ቁጥጥር?

«ደብረ ብርሃን ላይ ለምሠራው ጥናት፣ ዕድር ቀሪ ስለሚቀጣ መደበኛ ማኅበራዊ ቁጥጥር ልበለው?» ላልሽው፣ አትበዪው። ኢመደበኛ ነው፤ መደበኛ የሚባለው በሕግና በፖሊስ የሚደረገው ነው። የተጻፈ ደንብ ቢኖረውም የሚፈራው ፖሊስ ሳይሆን የጎረቤት ዓይን ነው። ለቅሶው ላይ ድንኳን ያልተተከለለት ሰው ምን እንደሚባል ታውቂዋለሽ።

ለማፈንገጥ፣ ማለትም ከማኅበረሰቡ ደንብ ለመውጣት፣ መንስኤ የአሜሪካዊውን የሶሺዮሎጂ ምሁር የትራቪስ ሂርሺን (1969 እ.ኤ.አ.) ሐሳብ ያዢ። ሰው ለምን ያጠፋል ሳይሆን ለምን አያጠፋም ይላል፤ መልሱም ከቤተሰቡና ከማኅበረሰቡ ጋር ያለው ትስስር ስለሚይዘው ነው፣ ሲላላ ግን ያጠፋል የሚል ነው። ከአንኮበር ገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅን አስቢ፤ ስንቁ ከቤት ይመጣለታል፣ «ማታ የት አመሸህ?» የሚለው ግን የለም። ይህ ማለት ሁሉም ያጠፋል ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ጨዋ ናቸው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ አከራይ በር ላይ ቆመው ሳሉ ተማሪውን «ጫት ትቅማለህ?» ብለሽ እንዳትጠይቂ። እሳቸው ባሉበት ሁሉም ቄስ ነው።