ያልተሳካውንም መዝግቡ፦ ለወጣት ሐኪሞችና ተመራማሪዎች

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

በደም ካንሰር ላይ ለመመራመር ያሰባችሁ ብዙዎቻችሁ ስለ አጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ፣ ማለትም ደም የሚያመርተውን መቅኔ ከለጋሽ ወስዶ ለሕመምተኛ ስለ መስጠት፣ ስትጠይቁኝ የምትጀምሩት ከስኬቱ ነው። እኔ ግን ከስኬቱ በፊት ያሉትን ዓመታት አስቀድማችሁ እንድታጠኑ እመክራችኋለሁ፤ ይህ ሕክምና የቆመው በእነዚያ ዓመታት በታማኝነት በተመዘገበው ውድቀት ላይ ነውና። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዶክተር ዶናል ቶማስና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ኩፐርስታውን በጨረርና በኬሞቴራፒ ለታከሙ 6 ሕሙማን ከሌላ ሰው የተወሰደ መቅኔ በደም ሥር ሰጥተው ውጤቱን በ1957 አሳተሙ። ከስድስቱ የዳነ አልነበረም። በ1959 ደግሞ ሉኪሚያ የተባለው የደም ካንሰር ለያዛቸው 2 ሕፃናት ፍጹም ከሚመሳሰሏቸው መንትዮቻቸው መቅኔ መስጠታቸውን ጻፉ። መቅኔው ያዘ፤ የደም ሴልም ማምረት ጀመረ፤ ሆኖም በጥቂት ወራት ውስጥ ሉኪሚያው ተመልሶ መጣ። በ1960ዎቹ ብዙ ተመራማሪዎች ተስፋ ቆርጠው መስኩን ሲተዉ የቶማስ ቡድን ወደ ውሾች ምርምር ተመለሰ፤ የለጋሽንና የተቀባይን የሕብረ ሕዋስ ዓይነት ማዛመድንም ተማረ። በ1977 ሌላው ሕክምና ሁሉ ያልበጃቸውን 100 የሉኪሚያ ሕሙማን ውጤት ከሲያትል ሲያቀርብ ለረጅም ጊዜ በሕይወት የቆዩት 13 ነበሩ። ሰማንያ ሰባቱም በዚያው ጽሑፍ ውስጥ እኩል ተቆጥረዋል። ዶክተር ቶማስ በ1990 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ከኋላቸው የነበረው ይህ ሁሉ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ከለጋሹ የዳሌ አጥንት በማደንዘዣ የተቀዳው መቅኔ በከረጢት ተንጠልጥሎ እንደ ማንኛውም ደም በደም ሥር ይገባል። ከዚያ የሚቀጥለው መቅኔው እስኪይዝ መጠበቅ ነው፤ ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ለ3 ተከታታይ ቀናት 500 እና ከዚያ በላይ እስኪሆን ድረስ በየዕለቱ ይቆጠራል። ሴሎቹ ሲነሡ ሌላ አደጋ አብሮ ይመጣል፤ የለጋሹ ሴሎች የተቀባዩን ቆዳ፣ ጉበትና አንጀት እንደ ባዕድ አካል ቆጥረው ያጠቃሉ። የዚህ ጥቃት ክብደት የሚለካው ሽፍታው ከሰውነት ቆዳ ስንት እጅ እንደሸፈነ፣ ጉበት ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚጨምረው ቢሊሩቢን ምን ያህል እንደደረሰና ሕመምተኛው በቀን ስንት ሚሊ ሊትር ተቅማጥ እንደወጣው ታይቶ ነው። ሌሊት ተነሥታ ተቅማጡን የምትለካውና ቁጥሩን በቻርት ላይ የምትጽፈው ነርስ የምርምሩ ባልደረባ ናት፤ ስሟ በጽሑፉ ላይ ባይወጣም ያለ እርሷ ጽሑፉ አይኖርም።

እነዚያ ቁጥሮች ሲጠራቀሙ ማንም ያልጠበቀው ነገር ታየ። የሲያትል ተመራማሪዎች በ1979 እንዳሳዩት፣ ይህ ጥቃት የደረሰባቸው ሕሙማን ሉኪሚያው የሚመለስባቸው ካልደረሰባቸው ባነሰ መጠን ነበር፤ መቅኔውን ፍጹም ከሚመሳሰላቸው መንታ ስለተቀበሉ ይህ ጥቃት ባልደረሰባቸው ላይ ግን በሽታው አብዝቶ ይመለስ ነበር። የለጋሹ ሴሎች ካንሰሩንም ያጠቁ ነበር ማለት ነው። በ1959 የተመዘገበው የሁለቱ ሕፃናት ታሪክ ሙሉ ትርጉሙን ያገኘው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። በ1990 ደግሞ በሙኒክ ዶክተር ኮልብና ባልደረቦቻቸው ከንቅለ ተከላ በኋላ ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ (ቀስ ብሎ የሚያድግ የሉኪሚያ ዓይነት) ለተመለሰባቸው ሕሙማን ከለጋሾቻቸው ነጭ የደም ሴል ሰጥተው በሽታውን መልሰው አጠፉት። ያንን ሁሉ ያልተሳካ ነው ብሎ ከመዝገብ የሚያስቀር ሰው ቢኖር ኖሮ ይህ ዕውቀት ስንት ዓመት በዘገየ ነበር!

ወደ አገራችን ስንመጣ ገና ያልተመዘገበው ብዙ ነው። ከአንድ አባትና እናት የተወለዱ ወንድም ወይም እኅት ሙሉ በሙሉ የመዛመዳቸው ዕድል ለእያንዳንዳቸው 25 በመቶ ነው፤ ከቤተሰብ ለጋሽ ያጣ ሰው ወደ ዓለም አቀፍ መዝገቦች ሲሄድ ደግሞ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ፈቃደኞች ጥቂት ሆነው ያገኛቸዋል። በባልቲሞር የዳበረውና ከንቅለ ተከላው በኋላ የለጋሹን ሴሎች ጥቃት የሚገታ ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለ መድኃኒት የሚሰጥበት ስልት ግማሽ የሚዛመድ ወላጅ ወይም ልጅ እንዲለግስ በማስቻሉ እጅግ ደስ ይለኛል፤ ይሁንና በአሜሪካና በአውሮፓ የምትኖሩ ወጣቶች ጉንጫችሁን በጥጥ አስጠርጋችሁ በለጋሽነት ከመመዝገብ አያሳርፋችሁም።

በአገር ቤት ያላችሁት ደግሞ ንቅለ ተከላ የሚሠራበት ክፍል እስኪከፈትላችሁ አትጠብቁ። ዛሬ በእጃችሁ ያለውን የሉኪሚያ ሕመምተኛ፣ የመቅኔ ምርመራው ምን እንዳሳየ፣ የትኛውን መድኃኒት ስንት ጊዜ እንደወሰደና ለምን እንዳቋረጠ ጻፉ። ከክፍለ ሀገር የመጣ ከሆነ የራሱን ስልክ ብቻ አትቀበሉ፤ የሁለት ዘመዶቹንም ስልክ፣ የወረዳውንና የቀበሌውን ስም ጨምሩ። በቀጠሮው ቀን ከቀረ በዚያው ሳምንት ደውሉ፤ አርፎ ከሆነም ቤተሰቡን አጽናንታችሁ መቼና በምን ሁኔታ እንዳረፈ ጠይቃችሁ ከነቀኑ መዝግቡ።