ከኮዱ በፊት ሥራውን እወቁት

ውድ ታናናሾቼ፦

ለድርጅቶች የሂሳብ፣ የደመወዝና የንብረት ሶፍትዌር ሠርቶ ለሚተዳደር ሰው ከባዱ ነገር የፕሮግራሚንግ ቋንቋ መማር አይደለም። ቋንቋውንማ ትጉህ ተማሪ በጥቂት ወራት ይይዘዋል። የሚከብደው ሶፍትዌሩ የሚያግዘውን ሥራ፣ ዘወትር ከሚሠራው ሰው ባላነሰ ማወቅ ነው፤ እኔም ለእናንተ ላስተላልፍ የምሻው ዋናው ነገር ይኸው ነው።

ደመወዝን እንውሰድ። ላይ ላዩን ሲያዩት ግብርንና የሠራተኛውን 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ቀንሶ፣ የአሠሪውን 11 በመቶ ለብቻው መዝግቦ የተጣራውን ማሳየት ነው። ይሁን እንጂ ለዓመታት 600 ብር ሆኖ የቆየው ከግብር ነፃ የሆነ የወር ገቢ በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል፣ የግብር መጣኔዎቹን ኮዱ ውስጥ በቁጥር የጻፈ ባለሙያ የእያንዳንዱን ደንበኛ ፕሮግራም እንደገና መክፈት ግድ ይሆንበታል፤ ከሚጸኑበት ቀን ጋር በሠንጠረዥ ያስቀመጠ ግን ጥቂት መስመሮች ጨምሮ ያልፋል። የሂሳብ ሠራተኛዋ በነሐሴ የሰኔን ውዝፍ ስትከፍል የትኛው መጣኔ ይሠራል? ይህን ጥያቄ ሕጉን አንብባችሁ፣ የሂሳብ ኃላፊውንም ጠይቃችሁ አስቀድማችሁ መልሱት።

የቀን አቆጣጠሩም የዚያኑ ያህል ጥንቃቄ ይጠይቃል። የምንጠቀምባቸው አብዛኞቹ መሣሪያዎች ዓመት 12 ወር ነው ብለው ስለሚነሡ ጳጉሜን የሚያስታውስላችሁ የለም። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ደግሞ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈረመን ውል አልቀበልም የሚል ቅጽ ካጋጠማችሁ ጥፋቱ የመዝጋቢዋ ሳይሆን የሠሪው ነው። መረጃው በሚከማችበት ዳታቤዝ ውስጥ ቀኑን በአንድ አቆጣጠር ብቻ አስቀምጡ፤ ወደ ሌላው የምትመልሱት ለተጠቃሚው ስታሳዩ ብቻ ይሁን።

ስለ ስም ዝም ብዬ አላልፍም። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበን ደንበኛ «ሀይሉ» ብላ የፈለገች ሠራተኛ ካላገኘችው አዲስ መዝገብ ትከፍትለታለች፤ በዚህም አንድ ሰው ሁለት ሂሳብ ይኖረዋል፣ የከፈለውም ዕዳ እንዳልተከፈለ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ በፍለጋ ጊዜ ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን እንደ አንድ ቁጠሩ፤ ስሙን ግን ባለቤቱ እንደጻፈው ጠብቁት፤ የሰው ስም የማረም ሥልጣን የለንም። የአባትና የአያት ስም ያለውን ሰው የቤተሰብ ስም አምጣ እያለ የሚያስጨንቅ ቅጽም አትሥሩ።

ይህን ሁሉ ቢሮ ተቀምጦ መገመት አይቻልም። ወር ሲዘጋ ሄዳችሁ ከሂሳብ ሠራተኛዋ አጠገብ ተቀመጡ። ከኮምፒውተሩ ጎን ደብተር ወይም የራሷ የኤክሴል ሠንጠረዥ ካላት ምን እንደምትጽፍበት አስፈቅዳችሁ ተመልከቱ፤ የሶፍትዌራችሁ ጉድለት በዝርዝር የተመዘገበው እዚያ ነው። ብርን በተንሳፋፊ ነጥብ ቁጥር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ አስርዮሽን በግምት በሚይዝበት የቁጥር ዓይነት፣ አስቀምጣችሁ ከሆነ የጠፋችውን አንድ ሳንቲም ፍለጋ ስታመሽ ታገኟታላችሁ። ገንዘብ በሳንቲም ተቆጥሮ በሙሉ ቁጥር ወይም በትክክለኛ አስርዮሽ ይቀመጥ።

የሚያማርር ነገርም አይጠፋም። ከሁሉ ይልቅ የሚያደክመው፣ ሳይጠይቋችሁ ለደንበኛ ቀን የሚቆርጡ አለቆችና «ትንሽ ነገር ናት፣ ዛሬውኑ ጨምሩልን» የሚሉ ኃላፊዎች ናቸው። በዚህ አትቆጡ፤ ዝም ብላችሁም አትቀበሉ። ሳይፈተሽ የተለቀቀ ለውጥ ሲበላሽ በመስኮቱ በኩል «ሲስተም የለም» የሚባሉት ከሩቅ መጥተው የተሰለፉ ሰዎች ናቸው፤ ይህ እኔን እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። የተጠየቀው ለውጥ የትኞቹን ሪፖርቶች እንደሚነካ፣ ለመፈተሽ ስንት ቀን እንደሚፈልግ፣ የትኛው ሥራ ወደ ኋላ እንደሚገፋ በጽሑፍ አቅርቡ፤ ውሳኔውንም ጠያቂው ራሱ ፈርሞ ይስጣችሁ።