መልስ፦ በፕሮግራም የሚወጣ ኮድ ማሳመር ያስፈልገዋል?

ሰላም ወንድሜ። ለደብረ ብርሃኑ የብርድ ልብስ መደብር ከዳታቤዙ ሠንጠረዦች ኮድ የሚያወጣ ፕሮግራም እየጻፍክ፣ «ማንም ለማያነበው ኮድ መስመርና ክፍተቱን እያስተካከልኩ ለምን ላሳምር?» ብለሃል። ይነበባል እንጂ! ስህተት ሲፈጠር የሚሰጥህ የመስመር ቁጥር ነው፤ ሁሉም አንድ መስመር ላይ ከታጨቀ «መስመር 1» ከማለት አያልፍም።

ግን የክፍተት ቆጠራውን ቴምፕሌቱ (ኮዱ የሚወጣበት ቅጽ) ውስጥ አትክተት፤ ያኔ የማይነበበው ቴምፕሌቱ ይሆናል። ዝርክርኩን አውጣና መጨረሻ ላይ በፎርማተር (ኮድ በሚያሳምር ፕሮግራም) አሳልፈው፤ ለጎ (Go) ቋንቋ ጎፍምት (gofmt) የተባለው ይበቃል። ፎርማተሩ እምቢ ካለ ያወጣኸው ኮድ የሲንታክስ (የቋንቋው አጻጻፍ ደንብ) ስህተት አለበት ማለት ነው፤ ይሄ በነፃ የሚገኝ ፍተሻ ነው። የፎርማተሩን ቨርዥን ቆልፍ፣ ሠንጠረዦቹንም ሁልጊዜ በስም ቅደም ተከተል አውጣ፤ አለዚያ ምንም ሳትነካ ጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢው) ላይ የለውጥ መዓት ታያለህ። የሚወጣው ፋይል አናት ላይ «በፕሮግራም የወጣ፣ በእጅ አይነካ» የሚል ኮሜንት አይቅር። ታጭቆ ቢሄድ ግድ የማይሰጠኝ ለብራውዘር የሚላክ ጃቫስክሪፕት ብቻ ነው፤ እሱም ሶርስ ማፕ (የታጨቀውን ከዋናው ኮድ መስመሮች ጋር የሚያገናኝ ፋይል) ካለው።